በእናቴ የጓዳ ተራ

ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ እናትአለም፤ ለመካሪዬ፣ ለመራቂዬ፣ ለጆሮዬ ጠምዛዥ። ከቢቸና ማዶ፣ ከአያቴ ከእምዬ አልጋ አጠገብ።

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ፣ ያ ብርድ ሲመጣ የሚያስነክስሽ ቀኙ፣ ተሻለው ወይ? እምዬስ እንዴት ናቸው? ጎናቸውን በራሳቸው ያገላብጣሉ ወይስ አሁንም አንቺው ነሽ የምታገላብጫቸው? እህል ይቀምሳሉ? ስሜን ያስታውሳሉ ወይስ አሁንም በአጎቴ ስም ነው የሚጠሩኝ? አጎቴስ ደህና ነው? አዝመራው እንዴት ሆነላችሁ? ያቺ ስትታለብ የምትራገጠው ላማችሁስ ጠባይዋን አሻሻለች? ባታሻሽልም ሰላም በይልኝ፤ እኔን የምትመስል ፍጡር እዚያም መኖሯ ደስ ይለኛል።

ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔ ደግሞ ከናፍቆትሽና ከእትዬ አትጠገብ በቀር ደህና ነኝ። እትዬ አትጠገብ ምን እንዳደረገችኝ ወደ ታች ትሰሚዋለሽ፤ ቀድመሽ አትዘኚላት፣ ቀድመሽም አትዘኚልኝ።

የስልክ መስመሩ እናንተ ዘንድ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅሽን ሳልሰማ ይኸው ከረምኩ። ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ ጤፍ ነጋዴው ኤፍሬም ነው። ደረት ኪሱ ውስጥ እንዲያስቀምጠው አስምዬዋለሁ፤ እሱ ግን መቀነስና መደመር እንጂ መሐላ የሚገባው ሰው አይደለም። የሚያነብልሽ ደግሞ የአጎቴ ልጅ ቀናው መሆኑን አውቃለሁ። ቀናው ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምንህ፤ የተጻፈውን ብቻ አንብብ፣ ከራስህ አትጨምር። ፊደሌ ዶሮ የጫረችው እንደሚመስል አውቃለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት ቤቱ ስንለያይ ማን ማንን እንደሰለቸ እስከ ዛሬ አልተጣራም። የሚያስቅ ቦታ ስትደርስ ብቻህን ስቀህ አትለፍ፤ ለእማዬም አካፍላት።

በይ መጀመሪያ ትልቁን ወሬ ልንገርሽ። ልጅሽ ሹም ሆኗል። ሳቂ፣ ግድ የለም፤ ሁሉም ስቆ ነው የጨረሰው። የእድራችን ኮሚቴ አባል ነኝ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ። ድንኳኑ፣ አግዳሚዎቹ፣ ድስቶቹ፣ ኩባያዎቹ፣ ያ ጎኑ የተጨረመተው ትልቁ በርሜል ሳይቀር በእኔ ሥር ነው። ደመወዝ የለውም፤ ስድቡ ግን በነፃ ነው።

አመራረጤ እንዲህ ነው። አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ከተማው ከታወከበት ከዚያ ክፉ ሐምሌ ወዲህ ግማሹ ሰው ወደየዘመዱ ሄዶ በዚያው እንደቀረ ታውቂያለሽ። የቀሩት ሽማግሌዎች ደግሞ ኮሚቴው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ አረጁ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ወልደሩፋኤል ተነሡና ያንን የሰልፍ ሜዳ ድምፃቸውን አውጥተው «ወጣት ይግባበት! እኛ ስንሞት ማን ሊቀብረን ነው?» አሉ። እኔ ከኋላ አግዳሚ ሆኜ «ወንበሩን አልለቅ ብላችሁ ነው እንጂ መቅበሩንስ ዛሬም እንቀብራችሁ ነበር» አልኩ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። «ማነው እሱ? ና እስቲ ወደ ፊት» አሉኝ። ሊቀጡኝ መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ፤ ለካስ ቅጣቱ ምርጫ ኖሯል! «ይህን ልጅ የምትደግፉ» ሲሉ የሰፈሩ እጅ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። ነጠላቸውን ከአግዳሚ ጋር ያሰርኩባቸው እናቶች ሳይቀሩ ሁለት ሁለት እጅ አነሡ።

ከእኔ ጋር ሔርሜላ ተመርጣለች፤ ያቺ ማዘጋጃ ቤት የምትሠራው፣ ስንናገር ቅንድቧን የምታነሣው። ጸሐፊ ናት። እሷን በእውነት መረጧት፣ እኔን በበቀል። ዘንድሮ እንዲያውም ወጣቱ ሁሉ ኮሚቴ ሆኗል። የጎረቤታችን የኤዶ ዐዎ ልጅ ቃሊ እንኳ የቦኖ ውሃው ኮሚቴ ውስጥ ገብታለች። ጀሪካን ይዤ ስሄድ «ሹም፣ ሰልፍ ያዝ» ትለኛለች፤ እኔም «እሺ ሹም» እላታለሁ። ሁለት ሹም ውሃ የሚጠማበት ሀገር ነው።

ከልማዴ ግን ወዲያው ተላቀቅኩ ብልሽ ቀናውም አያምንም። የመጀመሪያው ስብሰባ ቀን የኤዶ ዐዎን ፍየል አምጥቼ የሊቀመንበሩ ወንበር ላይ አስተኛኋት፤ ጭድ ሰጥቻት ዝም ብላ ታመነዥካለች። ጋሽ ወልደሩፋኤል ሲገቡ «ሊቀመንበር፣ ስብሰባው ተጀምሯል፤ እስካሁን የተናገሩት ሁሉ ቁም ነገር ነው» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመቀመጣቸው በፊት ወንበራቸውን በከዘራ ይነካካሉ።

ይሁን እንጂ እማዬ፣ ሥራውን ወድጄዋለሁ። የመጀመሪያውን ድንኳን ስተክል ይህ የጅግጅጋ ንፋስ ገልብጦ የሰው አጥር ላይ ሰቀለብኝ፤ ሰፈርተኛው በስሜ ቀልዶ «የመልአክ ክንፍ» ብሎ ሳቀብኝ። አሁን ግን ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሸትቼ አውቃለሁ። ሰው ሲሞት ያ ጥሩምባ ይነፋል፣ እኔ ከምሠራበት ከሂርሲ ሻይ ቤት ሽርጤን አውልቄ እሮጣለሁ፣ ሂርሲም «ሂድ፣ ሂድ፣ የሞተ አይጠብቅም» ብሎ ይለቀኛል። ለእነሱ፣ ለሙስሊሞቹ፣ ነገሩ በዚያው ቀን ያልቃል፤ የእኛ ድንኳን ቀናት መቆሙ እስከ ዛሬ ይገርመዋል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ቀደም ሲል አንዲት ብቸኛ እናት አርፈው ቀብር ስንወጣ ቃሬዛውን የሚሸከም ሰው አጣን። ከከተማው የሄዱት ሰዎች ወርሃዊውን በስልክ ይልካሉ፤ ስማቸው አለ፣ ጫንቃቸው የለም። እኔ ሮጬ ከሂርሲ ደንበኞች ጫንቃ ለመንኩ። ሻያቸውን ትተው መጥተው ተሸከሙልን፤ አንዱ ማንን እንደተሸከመ እንኳ አልጠየቀም። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ እኛ ግን አፈርን። በቀጣዩ ስብሰባ ተነሥቼ «ገንዘብ ብቻውን ሬሳ አይሸከምም። በአራት ልቅሶ ተራው ደርሶ ሰው ያልላከ ቤት ስሙ ከመዝገብ ይነሣ» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ጋሽ ወልደሩፋኤል «ዛሬ ገና የአባትህን ልጅ መሰልክ» አሉኝ። እጅ ሲወጣ ከሁሉ ቀድሜ ያወጣሁት እኔው ነኝ። በዚያ ሳምንት በሰፈር ውስጥ ስሄድ የምረግጠው መሬት አልነበረም።

ከዚያ ሔርሜላ በሕጉ መሠረት ስማቸው የሚነሣ ቤቶችን መጥራት ጀመረች። አንዱን ጠራች፣ ሌላውን ጠራች፣ ከዚያ ቅንድቧን አንሥታ ወደ እኔ አየች። ጋሽ ወልደሩፋኤል «ቀጥይ እንጂ» ሲሏት «የወይዘሮ እናትአለም ቤት» አለች።

እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። «እኔ አለሁ አይደል? ድንኳን የሚተክለው ማነው?» አልኩ። ጋሽ ወልደሩፋኤልም በእርጋታ «አንተ የወንዱን ተራ ወጥተሃል። የቤታችሁ የጓዳ ተራ ግን እናትህ ከሄደች ወዲህ ባዶ ነው፤ በአራት ልቅሶ ድስታችሁ ሥር ሰው አልተገኘም» አሉኝ። «እናቴ እናቷን ልታስታምም ነው የሄደችው፣ ለሽርሽር አይደለም» ብዬ ጮኽኩ። «ልጄ፣ ሁሉም የሄደበት ምክንያት አለው። ለኮሚቴ ቤት ብለን ከተውን የሌላውን ስም በምን አፋችን እናነሣለን? ሕጉ የአንተው ነው» አሉ። አየሽ እማዬ፣ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ በቀለለኝ ነበር። ልክ ነበሩ።

ስም መነሣት ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ አላስረዳሽም። አባዬን አፈር ያለበሰው ይህ እድር ነው። አንቺ ከዚህ ጓዳ ወጥተሽ ታውቂያለሽ? የማንን ልቅሶ ነው ያንቺ ምስር ወጥ ያላለፈበት? ስምሽ ከዚህ ከተነሣ ጅግጅጋ ላይ ቤት ይኖርሻል እንጂ ወገን አይኖርሽም። ያንንም ያደረገብሽ የገዛ ልጅሽ ምላስ ይሆናል። ያን ቀን ማታ እራት አልበላሁም፤ እኔ እራት አልበላሁም ስልሽ ነገሩ ምን ያህል እንደሆነ ይገባሻል።

ኮሚቴው አንድ ዕድል ሰጠኝ። በሚቀጥለው ልቅሶ የቤታችን ተራ ነው፤ ጓዳ ሰው ከተገኘ ስምሽ ይቆያል፣ ካልተገኘ ይነሣል። ማንን ልላክ? ሚስት የለኝም፤ አንቺ ያየሽልኝን ሁሉ አስቄ አባርሬያቸዋለሁ። ስለዚህ «እኔው እገባለሁ» አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ «ወንድ? ድስት ሥር?» ብለው እርስ በርስ ተያዩ። ሔርሜላ ግን ሕጉን ገልጣ «ሰው ይላክ ነው የሚለው፤ ሴት አይልም» አለች። ጋሽ ወልደሩፋኤልም «ሰው መሆኑን እንግዲህ ጓዳው ይፍረድ» አሉ።

አሁን የምነግርሽ ክፉ ወሬ ነው፤ እማዬ፣ ቁጭ በይ። ጋሽ ሀብተየስ አረፉ። አዎ፣ ልብስ ሰፊው። ጥቂት ቀን ታመው፣ ብዙ ሳይንገላቱ፣ በኅዳር ማብቂያ ሄዱ። አልቅሺላቸው፤ እኔም አልቅሻለሁ። እሳቸው እኮ በዚህ ከተማ መልሰው ሰው ያሳቁብኝ ብቸኛው ሰው ናቸው። ለፋሲካ ሱሪ ሲሰፉልኝ አንዱን እግር ሆን ብለው ስንዝር አሳጠሩትና «ስትስቅ ትኖራለህ፣ ዛሬ ደግሞ ይሳቅብህ» አሉኝ፤ ቀኑን ሙሉ አስቀውብኝ ማታ ላይ ትክክለኛውን ሱሪ ከጠረጴዛ ሥር አወጡልኝ። እንግዲህ የእኔ የጓዳ ተራ የዋለው በእሳቸው ልቅሶ ነው።

ጓዳ ስገባ የተደረገልኝን አቀባበል ብታይ! የጓዳው አለቃ እትዬ አትጠገብ ናት፤ መቼም ታውቂያታለሽ፣ አንቺ ካልሆንሽ ማን ያውቃታል? ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና «ሙሽሪት መጣች!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ተቀበሏት። አንዷ ነጠላ አምጥታ ወገቤ ላይ ሸብ አደረገችልኝ። «ነይ እስቲ፣ ሽንኩርቱን ያዢ፤ ዓይንሽን በእጅሽ እንዳትነኪ»፣ «እናትሽ ምን መክራ ሰደደችሽ?»፣ «አይ እጇ! ጥፍሯን ያየ ያገባታል?» ይሉኛል። እኔ ለዚህ ከተማ ስንት ዓመት ያበደርኩትን ቀልድ በአንድ ጠዋት ከነወለዱ ከፈሉኝ። ሽንኩርቱን ስልጥ እንባዬ ይወርዳል። አንዷ «ለሀብተየስ ነው የምታለቅሰው» አለች፤ ሌላዋ «የለም፣ ለሽንኩርቱ ነው» አለች። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ወጡን ላማስል ስል እትዬ አትጠገብ ማማሰያውን ነጠቀችኝ። «ለአንቺ ወጥ አይሰጥም፤ ሂጂ ሻዩን አፍዪ፣ እሱን እንኳ ከሂርሲ ሳትማሪ አትቀሪም» አለችኝ። ደስ አለኝ። ሻይ ላይ የሚያስተምረኝ የለም። አጥሩ ሥር ለብቻዬ እሳት አነደድኩ፣ ትልቁን ማንቆርቆሪያ ጣድኩ፣ ሄሉን፣ ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱን ወቀጥኩ። ወዲያው ኤዶ ዐዎ አንድ ጀሪካን የግመል ወተት ተሸክማ መጣች። «ሀብተየስ ጎረቤት። የልጆቼን ልብስ ሁሉ እሱ ሰፋ። ባዶ እጅ አይመጣም» አለችኝና አጠገቤ አስቀምጣ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። አመሰገንኳት። እሷም ወደ ድንኳኑ ገባች፣ እኔም ወተቱን እንደ ዘወትሩ ሻዩ ላይ ገለበጥኩት።

እማዬ፣ አሁን «ውይ!» ስትዪ ይሰማኛል። ጾሙ! የገና ጾም! በማርያም ይዤሻለሁ፣ ትዝ አላለኝም። እጄ ነው የሠራው፣ ሐሳቤ እዚያ አልነበረም። በሂርሲ ቤት ጠዋትና ማታ ስንቱን ማንቆርቆሪያ እንደዚያ አፍልቼ? እዚህ ሀገር ሻይ ሲባል ወተት ያለበት ነው፤ ቀዩን ሻይ የሚያዝ ሰው ሲመጣ «ታመሃል ወይ?» ብለን ነው የምንጠይቀው።

ቀብር መልስ ሰው ወደ ድንኳኑ ገባ፣ ንፍሮው ዞረ፣ ሻዩን እኔው ራሴ ነጠላዬን ሸብ አድርጌ አዞርኩ። ከዚህ በኋላ ያለውን ነው ማመን የሚያቅተው፤ ሁሉም ጠጣ! የንስሐ አባታችን ባርከው ጠጡ፤ «እጅህ ይባረክ፣ ሲያሞቅ!» አሉኝ። ጋሽ ወልደሩፋኤል ኩባያቸውን ጨልጠው «ድገመኝ» አሉ፤ ደገምኳቸው። የጓዳ ሴቶችም ቆመው ጠጡ። አንድም ሰው ልብ አላለም። የኖርንበት ሻይ ነዋ!

ልብ ያለው እንግዳ ነው። የጋሽ ሀብተየስ የወንድማቸው ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ ከረባቱን እንኳ ያላላላ ሰው። አንድ ጊዜ ፉት አለና ኩባያው ውስጥ አየ። ዞር ብሎ የሰውን ኩባያ አየ። ከዚያ በትሕትና፣ በዚያ በለስላሳ አነጋገሩ፣ «ይቅርታ፣ ጾሙ እዚህ አልገባም እንዴ?» አለ።

በድንኳኑ ውስጥ ያለው ኩባያ ሁሉ ባለበት ቆመ። ቀጥሎ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ታውቂያለሽ ይህን የተረገመ ፊቴን፤ ስደነግጥ ፈገግ ይላል። ፈገግ አለ! ጋሽ ወልደሩፋኤል ከመቀመጫቸው ተነሡና «በሀብተየስ ልቅሶ ላይ? በእሱ ላይ እንኳ ትቀልዳለህ?» አሉኝ። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ማልኩ፣ ተገዘትኩ፣ ማንም አላመነኝም። ፍየል ወንበር ላይ የሚያስተኛ ሰው «ረስቼ ነው» ቢል ማን ያምናል? ውሸቴን ሁሉ ያመነ ሰፈር እውነቴን እምቢ አለኝ። የንስሐ አባታችን «ሳያውቁ የጠጡትን ለእኔ ተዉልኝ፤ አውቆ ያጠጣ ካለ ግን ይንገረኝ» አሉ። እኔም ወደ ጓሮ ሄጄ ኩባያዎቹን ሁሉ አጠብኩ። በማግሥቱም ሄድኩ፣ በሠልስቱም ሄድኩ፤ ያ በርሜልም ከተገዛ ጀምሮ እንደዚያ ነጥቶ አያውቅም። ሴቶቹ መቀለድ ትተው ነበር። ቀልዳቸው ናፈቀኝ።

ከሠልስት በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጉዳዩ የቤታችን ስለሆነ «ውጣ» ተባልኩ፤ ወጥቼ ግንቡ ሥር ቁጢጥ አልኩ። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ያ ተራ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ካልተቆጠረ ስምሽ ይነሣል። ኤዶ ዐዎ ባዶ ጀሪካኗን ልትወስድ ስትመጣ አየችኝ። «መልአክ፣ እንደታመመች ዶሮ ምን ሆነህ?» አለችኝ። ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «በእኔ ወተት? እኔ የእኛን ረመዳን አውቃለሁ። የእናንተ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ በምን አውቃለሁ? እናንተ ሁልጊዜ ጾም ናችሁ!» አለችና ጀሪካኑን ጥላ ሄደች። ተቀየመችኝ ብዬ ሳዝን፣ ትንሽ ቆይታ እትዬ አትጠገብን በክንዷ እየጎተተች ተመለሰች። እትዬ አትጠገብ ወደ እኔ እንኳ ሳታይ በሩን ገፍታ ገባች። እኔ መስኮቱ ሥር ተጠጋሁ፤ ነውር ነው፣ አውቃለሁ።

«እኔ ጓዳ ስገባ ኮሚቴ አስፈቅጄ አላውቅም፣ ዛሬም አላስፈቅድም» አለች። «የጓዳን ተራ የሚቆጥር ጓዳ ነው። ይህን ልጅ ከእናንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ፤ ነጠላዬን ስንቴ ቋጥሮብኛል። ቀልደኛ ቀልዶ ይሮጣል፣ ጥግ ይዞ ይስቃል። ሦስት ቀን ቆሞ የድስት ቂጥ አይፈትግም። ኩባያ እያጠበ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚላጥ ሽንኩርት አልነበረም።» ቀጠለች። «ደግሞስ ወልደሩፋኤል፣ 'ድገመኝ' ያለው ማነው? የአንተ ምላስ ወተት ከውሃ መለየት ካቃተው የልጁ እጅ ብቻውን ለምን ይከሰሳል?»

ሔርሜላ ነች ቀድማ የሳቀችው። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ወልደሩፋኤል ሳሉ፣ ሳሉ፣ መጨረሻ ላይ ሳላቸው ራሱ ሳቅ ሆነ። ተራው ተቆጠረ። እማዬ፣ ስምሽ አለ። እልል በይ፤ ቀናው፣ አንተም እርዳት።

እትዬ አትጠገብ ግን በከንቱ አልማረችኝም። ስትወጣ መስኮቱ ሥር አገኘችኝና ጆሮዬን ያዘች፤ ልክ አንቺ የምትይዢበትን ቦታ፣ ማን እንዳሳያት እንጃ። «ሻይ ላይ ሁለተኛ አትደርስም። በሚመጣው ተራ የእናትህን ምስር ወጥ ትሠራለህ። የእናትአለም ወጥ የእኔን አያህልም፤ ግን ከቀረ ወዲህ ሰው ሁሉ 'ምን ጎደለ?' እያለ ቸግሮኛል» አለችኝ። ይህን ለአንቺ እንዳልነግርሽ አስጠንቅቃኛለች፤ ስለዚህ አልነገርኩሽም።

ከዚያ ጋሽ ወልደሩፋኤል ብቻዬን አስቀሩኝ። ትከሻዬን ይዘው «እንደ ሊቀመንበር አይደለም የምጠይቅህ። እናትህ ትመለሳለች ወይ?» አሉኝ። እማዬ፣ ይህ አፌ ለጳጳስም ለፖሊስም መልስ አጥቶ አያውቅም። ያን ጊዜ ግን «እጠይቃታለሁ» ብቻ አልኩ።

ስለዚህ ይኸው ልጠይቅሽ ነው የጻፍኩት፤ ሌላው ሁሉ ማሟሻ ነው። ሰፈር ውስጥ «እናትአለም እንግዲህ እዚያው ቀረች» የሚል ወሬ ከሰማሁ ቆይቷል፤ እየሳቅኩ ነበር የማልፈው። ለዚህ ነው ያ ስም መነሣት ያንን ያህል ያስደነገጠኝ። እድሩን ብቻ አልነበረም የፈራሁት። እነሱ ስምሽን ሲያነሡ እኔም አንቺ አትመጪም ብዬ ያመንኩ እንዳይመስል ነው። እምዬን ጥለሽ ነዪ አልልሽም፤ እንዲህ ያለ ልጅ አላሳደግሽም። እምዬ እስከፈለጉሽ ድረስ እዚያው ሁኚላቸው፤ ጎናቸውን አገላብጪ፣ ጸጉራቸውን አበጥሪ። እንደ እምዬ ያለ እናት ያለው ሰው አይቸኩልም፤ ይህን ከአንቺ በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። የጓዳ ተራሽን እኔ እቆምልሻለሁ፤ ጾም በገባ ቁጥር ወተቱን እያነሡ ቢስቁብኝም፣ «ሙሽሪት» እየተባልኩ ብሸብትም እቆማለሁ። ግን አንድ ቀን እንደምትመጪ ወይም እንደማትመጪ ከአፍሽ ልስማ። እኔን አትፈሪኝ፤ ሳቄን አታምኚው እንጂ የምችል ሰው ነኝ።

በይ እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እምዬን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ በአጎቴ ስም ቢጠሩኝም አቤት እላለሁ በያቸው። አጎቴን በእጄ ጨብጪልኝ፣ ሚስቱንም እንዲሁ፤ ባለፈው የላከችው በሶ በሁለት ቀን አለቀ፣ ጎረቤት በላው እላለሁ እንጂ እኔ ነኝ የበላሁት። ትንንሾቹን ጉንጫቸውን ቆንጥሪልኝ፤ ሲጮኹ «መልአክ ነው» በያቸው። ቀናውን ግንባሩን ሳሚው፤ ይህን ያህል ሳይደናቀፍ አንብቦ ከሆነ ተምሯል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉም እጅ ይነሡሻል፤ ኤዶ ዐዎ «እህቴን ሰላም በል» ብላለች፣ ቃሊም፣ ሔርሜላም፣ ሂርሲም፤ ጋሽ ወልደሩፋኤል ቆመው ሰላምታ ሰጥተውሻል፣ እትዬ አትጠገብ ምንም አላለችም፣ ግን ኤፍሬም ሲመጣ ቤቷ ጠርታ ለአንቺ በርበሬ አስይዛዋለች።

ኤፍሬም ጤፉን እስኪጭን እናንተ ዘንድ ሁለት ቀን ይቆያል። መልሱን በእሱ ላኪልኝ፤ አጭር ይሁን። ወይ «እመጣለሁ» ብለሽ ላኪብኝ፣ ወይ የምስር ወጡን አሠራር፣ ሽንኩርቱ ስንት ጊዜ እንደሚማሰልና ጨው መቼ እንደሚገባ ሳይቀር፣ ለቀናው አስጽፊልኝ። አሠራሩ ከመጣ አጥንቼ እሠራዋለሁ፣ አላሳፍርሽም። አንቺ ከመጣሽ ግን ድስቱን አጥቤ እጠብቅሻለሁ።

ልጅሽ መልአክ
ጅግጅጋ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.